የክልል ፖሊስ ቅጥርን ማን ይጠይቃል?

«የክልሉ ፖሊስ ስንት ሰው ቀጠረ፣ በምን በጀት?» ብሎ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቤት የሚል ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሩ ግን ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት በጀት ማውጣት፣ የሠራተኞች አስተዳደርና የክልል ፖሊስ የክልሉ ሥልጣን ናቸው። ስለዚህ የፖሊስ ኮሚሽኑንም ሆነ ቢሮዎቹን የሚጠይቀው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ የኦዲት ሪፖርቱም ከክልሉ ዋና ኦዲተር ይቀርብለታል።

የሚያምታታው የድጎማው ገንዘብ ነው። አንቀጽ 94 የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ ኦዲት የማድረግና የመቆጣጠር ሥልጣን ይሰጠዋል። ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ከሆነ ክትትሉ ቀላል ነው። ጥቅል ድጎማ ግን ከክልሉ ገቢ ጋር ተቀላቅሎ በክልሉ ምክር ቤት ይደለደላል፤ የትኛው ብር ለምልምል ፖሊስ ደመወዝ እንደዋለ መለየት ያስቸግራል።

የክልል ምክር ቤት አባል ሦስት ሰነዶችን ጎን ለጎን ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ የጸደቀ በጀት፣ የተፈቀደ የሥራ መደብ ዝርዝርና የወሩ የደመወዝ መክፈያ። ከተፈቀደው መደብ በላይ ስም ካለ ቅጥሩ ያለ በጀት ተፈጽሟል፣ አለበለዚያ የለቀቀ ሰው ከዝርዝሩ አልወጣም። በዓመቱ አጋማሽ ላይ የካፒታል በጀት (ለግንባታና ለቋሚ ዕቃ የተያዘው ገንዘብ) ወደ ደመወዝ መዛወሩም መታየት አለበት፤ የደመወዝ ጉድለቱ በዚህ መንገድ ሊሸፈን ይችላል።