«የኔ አለማወቅ ነው» የሚያሰኙ ስክሪኖች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፍኖተ ሰላም፣ የገበያ ቀን ነው። የሞባይል ገንዘብ ወኪል የሆነች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ወረፋ እጠብቃለሁ። ከፊቴ አንድ አባት አሉ። በቆሎ ሸጠው ብሩን ወደ ስልካቸው አስገብተዋል። ደብረ ማርቆስ ለሚማር ልጃቸው ሊልኩለት ነው። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። ኮከብና መሰላል ያለበትን ቁጥር ደወሉ። 1ን ነኩ። የልጃቸውን ቁጥር ከብጣሽ ወረቀት እያዩ አንድ በአንድ አስገቡ። የብሩን መጠን ጻፉ። የሚስጥር ቁጥራቸውን በመዳፋቸው ከልለው መቱ።

ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ጠበቁ። ምንም የለም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት መልእክት ተከታትሎ ገባ። ብሩ ሁለቴ ሄዷል።

«አይዞዎት፣ ልጅዎ ጋ ነው የሄደው፣ ይመልሰዋል» አልናቸው። እሳቸው ግን ስልካቸውን በኪሳቸው እየከተቱ «አይ ልጄ፣ የኔ አለማወቅ ነው፤ ያልተማረ ሰው እንዲህ ነው» አሉኝ።

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ሥራዬም አፕና ድረ ገጽ መሥራት። እኚያ አባት አንድም ስህተት አልሠሩም። በኛ ሙያ በየቀኑ የምሰማቸው አባባሎች ግን ጥፋቱን እሳቸው ላይ ይጥሉታል። እስኪ በተራ እንያቸው።

«ያልተማረ ሰው ስለሆነ ነው የተሳሳተው»

በር አንኳኩተን መልስ ካጣን ደግመን እናንኳኳለን። ፕሮፌሰርም ይሁን ገበሬ፣ ማሽኑ ዝም ካለው ደግሞ ይነካል። ጥፋቱ የዝምታው ነው።

አሜሪካዊው የዲዛይን ተመራማሪ ዶን ኖርማን በ1988 (እ.ኤ.አ.) ይህን በበር ምሳሌ አስረድቷል። የሚገፋ በር ላይ የሚሳብ እጀታ ከተገጠመ ሰው ይስበዋል። እጁ የታዘዘው በእጀታው ነውና። በሩ ላይ «ይግፉ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ካስፈለገ በሩ ሲሠራ ተበላሽቷል ማለት ነው። በየቢሯችን ስንት እንዲህ ያለ በር እንዳለ ልብ ብላችሁ እዩ።

ስለ ዝምታውም ለረጅም ዓመታት የተሠራበት መለኪያ አለ። በ0.1 ሰከንድ ውስጥ የመጣ ምላሽ ወዲያው የመጣ ይመስለናል። እስከ 1 ሰከንድ ድረስ መዘግየቱን ብናስተውልም ሐሳባችን አይቋረጥም። 10 ሰከንድ ሲያልፍ ግን ልባችን ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ወይም እንደዚያ አባት እንጠራጠራለን። ኔትወርኩን ማፍጠን የዴቨሎፐሩ፣ ማለትም የአፕ ሠሪው፣ ሥራ ላይሆን ይችላል። «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ደግመው አይላኩ» የሚል መልእክት መላክ ግን የሱ ሥራ ነው። በደቂቃዎች ልዩነት ለአንድ ሰው ያው ገንዘብ ሲላክ «ይህን ቅድም ልከዋል። ይደገም?» ብሎ መጠየቅም እንዲሁ። ይህች አንዲት ጥያቄ የአንድ ኩንታል በቆሎ ዋጋ ታድናለች።

«ዲዛይን ማለት ማሳመር ነው»

«አፑ አልቋል፣ ትንሽ ዲዛይን አድርግልኝ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ቀለም እንድቀባለት ነው የሚፈልገው። እኔ ደግሞ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄዶ የብራና መጻሕፍቱን እንዲያይ እመክረዋለሁ።

ቁም ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ብራናውን በወስፌ ያሰምራል። ጽሑፉን በዓምድ ይከፍለዋል፤ ዐይን ከመስመር ጫፍ ወደ ቀጣዩ መስመር ሲመለስ እንዳይጠፋው። ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለያል። የምዕራፉን መክፈቻ፣ የእግዚአብሔርንና የእመቤታችንን ስም በቀይ ይጽፋል። ቀዩ ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም። አንባቢው ከየት እንደሚጀምር፣ የት ላይ ድምፁን እንደሚያከብር ይነግረዋል። ሁሉም ነገር ቀይ ቢሆን ኖሮ ቀዩ ምንም ባልነገረን ነበር። ዛሬ አንድ ገጽ ላይ አምስት ቁልፍ በአምስት ደማቅ ቀለም የሚደረድር ሰው ይህን ቢያይልኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀለም ብቻውን መልእክት አይሸከም። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ስለዚህ «አልተሳካም» የሚለውን ቃል ከቀዩ አጠገብ ጻፉት። ጽሑፉና መደቡ መካከል ያለው የድምቀት ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ይመክራል። ነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ቢሮ ውስጥ ያምራል። ጣና ዳር በቀትር ፀሐይ ግን አይነበብም።

«ወደ አማርኛ ከተረጎምነው የኛ ሆነ»

እዚህ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሥርዓት ስሠራ መልእክቱን በጥሩ አማርኛ ጻፍኩ፤ ሰዓቱን ግን እንዳለ ተውኩት። «ቀጠሮዎ 9:00 ነው» ይላል። አንዲት እናት በዘጠኝ ሰዓት መጡ፤ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ሐኪሙ የጠበቃቸው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። ቋንቋው አማርኛ፣ ሰዓቱ የፈረንጅ። አሁን ሁልጊዜ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብዬ በቃል እጽፋለሁ።

የልደት ቀንም ያው ነው። በ1990 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ፎርሙ ላይ 1990 ብላ ትጽፋለች። ሥርዓቱ የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ከወሰደው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አስረጃት። ጳጉሜን የተወለደ ሰው ደግሞ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ያለው ካሌንደር ላይ ወሩን ፈልጎ ያጣል።

«የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ገብረ ሥላሴ ወይም ኃይለ ማርያም የሚባል ሰው ስሙ ሁለት ቃል ነው፤ ክፍተት የማይቀበል ሳጥን ስሙን ይቆርጥበታል። ፍለጋውም አለ። አንዱ ኃይሌ ብሎ ያስመዘገበውን ሌላው ሀይሌ ብሎ ይፈልጋል። መዝገቡ «አልተገኘም» ይላል፤ ሰውየው ግን አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ መቁጠር የግድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ቁልፎቹ ላይ ያለው ትእዛዝ ነው። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ጾታም ማዕረግም የለውም። አማርኛው ግን አለው። «ላክ» ካላችሁ ለወንድ ነው የተናገራችሁት፤ ሴቷን ረስታችኋል። አንድ አዛውንት ከአካውንታቸው ሊወጡ ሲሉ ስክሪኑ «ውጣ» ይላቸዋል። ጎጃም ውስጥ ለሽማግሌ ውጣ የሚል ማን ነው? «መግቢያ»፣ «መውጫ»፣ «ለመላክ» ብንል ሁሉንም ያስማማል። ወይም «ይላኩ» ብለን እናክብራቸው።

ቦታም አስቡ። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ። ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተረጎመ ሰው መልእክቱ ሁለትና ሦስት ቦታ ይቆረጥበታል። ዋናው ነገር፣ ማለትም ብሩ ሄደ ወይስ አልሄደም የሚለው፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ውስጥ ይሁን።

«ማንበብ ለማይችል ሰው ሥዕል ይበቃል»

ሥዕልም የሚነበበው በልምድ ነው። ሦስቱ አግድም መስመሮች «ሜኑ እዚህ ነው» ማለታቸውን ያወቅነው ስለለመድናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ለወጣው ዜሮክስ ስታር ኮምፒውተር የተሳሉ ናቸው። «አስቀምጥ» ለማለት የሚሳለው ፍሎፒ ዲስክም አለ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ የገባ ተማሪ ዕቃውን በዐይኑ ላያየው ይችላል። ሥዕሉን ተጠቀሙ፤ ግን ከሥሩ አንድ ቃል ጻፉ። ማንበብ ለማይችሉትም ድምፅ ጨምሩ።

«ከሦስት ጠቅታ በላይ ከሆነ ሰው ይሰለቻል»፣ «ሜኑ ከሰባት መብለጥ የለበትም»

ሁለቱም ሕግ አይደሉም። ሰውን የሚያደክመው የጠቅታው ቁጥር ሳይሆን መንገዱ ትክክል መሆኑን አለማወቁ ነው። ግልጽ የሆኑ አምስት እርምጃዎች ግራ ከሚያጋቡ ሁለት ይሻላሉ። ሰባት የሚለው ቁጥር የመጣው ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር የ1956 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ነው። እሱ ስለ ትውስታ ነው የጻፈው። ሜኑ ደግሞ ፊት ለፊት ይታያል፤ ማንም በቃሉ አይይዘውም።

«ተጠቃሚን ለመፈተን ብዙ ሰውና ብዙ ብር ያስፈልጋል፤ ካልሆነም ጠይቆ መረዳት ይቻላል»

ተመራማሪዎቹ ኒልሰንና ላንዳወር በ1993 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ስሌት መሠረት፣ አምስት ሰው ሲጠቀም ቁጭ ብሎ ማየት በአማካይ 85 ከመቶ ገደማ የሚሆነውን ችግር ያሳያል። አምስት ሰው ደግሞ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ይገኛል።

መጠየቁ ግን እኛ አገር አይሠራም። ይሉኝታ አለ። እንግዳ ሰው የሠራውን ፊት ለፊት «መጥፎ ነው» የሚል ጎጃሜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ስልኩን ሰጥቼ «የምፈትነው ስልኩን ነው፣ እርስዎን አይደለም» እላለሁ። ከዚያ አፌን ዘግቼ ጣታቸውን አያለሁ። በጣም ይከብዳል፤ ምላስ «እዚህ ጋ ይንኩ» ለማለት ይቸኩላል።

ያንን የቀጠሮ ሥርዓት ካስተካከልኩ በኋላ ዳንግላ ላይ ለአንዲት እናት ሰጠኋቸው። ስማቸውን ሞሉ፣ ቀኑን መረጡ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። «በጣም ጥሩ ነው ልጄ፣ ተባረክ» አሉኝ። ቀጠሮው ግን አልተላከም። «ለመላክ» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ነበር፤ ወደ ላይ ካልገፉት አይታይም። እንዲገፋ የሚጠቁም ምንም ነገር አላደረግሁም። ከሳቸው በኋላ የሞከሩትም እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ። ማታውኑ ቁልፉን ከቀኑ ሥር አመጣሁት።