የእሳት አደጋ መኪና መተኪያ ዕቅድ ምንድን ነው?

የመተኪያ ዕቅድ ማለት የአንድ ከተማ የእሳት አደጋ መኪናዎች እያንዳንዳቸው በየትኛው ዓመት ከግንባር ሥራ ወደ መጠባበቂያ እንደሚዛወሩ፣ መቼ ጨርሰው እንደሚወገዱ፣ የሚተካቸውም መኪና መቼ ታዝዞ በምን ገንዘብ እንደሚገዛ፣ ሁሉም ገና በደህና እየሠሩ ሳለ የሚወሰንበት ሰነድ ነው። የጎጃም ገበሬ ወይፈኑን የሚገራው የእርሻ በሬው ጉልበት ሳይከዳው ነው፤ ዕቅዱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በብዙ አገሮች በመነሻነት የሚጠቀሰው የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ምክር ነው። በዚህ ምክር መሠረት ከ15 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ወደ መጠባበቂያ ይዛወራል፣ ከ25 ዓመት ያለፈው ደግሞ ይተካል። ጎማ ጥርሱ ባያልቅም በ7 ዓመት ይለወጣል።

ይሁን እንጂ ዕድሜ ብቻውን በቂ መለኪያ አይደለም፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ቢሆን ያሳስታል። የእሳት አደጋ መኪና ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ቃጠሎው ቦታ ላይ ይቆምና ሞተሩ ፓምፑን እያዞረ ለሰዓታት ይሠራል። ቆሞ የሠራበት አንድ ሰዓት በሞተሩ ላይ የሚያደርሰው ድካም ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ከመጓዝ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ስለሚገመት፣ ቆጣሪው ትንሽ የሚያሳይ መኪና ሞተሩ ብዙ የደከመ ሊሆን ይችላል። ሌላም ነገር አለ፦ የጭነት መኪና ጭነቱን አራግፎ ያድራል፣ የእሳት አደጋ መኪና ግን ጋኑን እንደሞላ ሌሊትና ቀን ይቆማል። 5,000 ሊትር ውኃ 5 ቶን ነው፤ ባሌስትራው፣ ጎማውና ሻሲው ይህን ክብደት ያለ እረፍት ይሸከማሉ፤ ጋኑም ብረት ከሆነ ከውስጥ ይዝጋል። ስለዚህ ዕቅዱ ከምርት ዘመን በተጨማሪ የሞተር ሰዓትን፣ በየዓመቱ የሚደረግ የፓምፕ ፍተሻን፣ የጥገና ወጪንና መኪናው ጋራዥ ውስጥ የቆመባቸውን ቀናት መያዝ አለበት።

በጎጃም ላይ ደግሞ ከፍታው ተጨማሪ ሸክም ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትርን ታልፋለች። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሲደርስ ሩብ የሚሆነው ጉልበቱ አብሮት የለም። ፓምፑም እንዲሁ ነው። ውኃውን በመምጠጫው ቱቦ ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት በመሆኑ፣ በባሕር ወለል 10.3 ሜትር የሚሆነው የመሳቢያ ከፍታ በደብረ ማርቆስ በስሌት እንኳ ከ8 ሜትር በታች ይወርዳል፤ በሥራ ላይ የሚገኘው ከዚህም ያንሳል። ከጣና ዳር ለሚቀዳ መኪና ውኃው ቅርብ ስለሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ዝቅ ብሎ ከሚፈስ እንደ ጨሞጋ ካለ ወንዝ ለሚቀዳ ግን፣ በተለይ የፓምፑ ጎሚኒ (የማሸጊያ ጎማ) አርጅቶ አየር የሚያስገባ ከሆነ፣ ውኃው ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። የግዢ ዝርዝሩ መኪናው የሚሠራበትን ከፍታ በግልጽ መጥቀስ ያለበት ለዚህ ነው።

በእርዳታ የሚመጣ ያገለገለ መኪና ምስጋና የሚገባው ቢሆንም፣ ዕድሜው መቆጠር ያለበት ከተመረተበት ዓመት እንጂ ከተማው ከተረከበበት ቀን አይደለም። ሃያ ዓመት ሠርቶ የመጣን መኪና እንደ አዲስ መዝግቦ ለቀጣዩ አሥር ዓመት መተማመን ነዋሪውን ያለ ከለላ መተው ነው።

ግዢው በዓመታት መካከል መከፋፈል አለበት። አራት መኪና ያለው ከተማ የአንዱን የአገልግሎት ዘመን 20 ዓመት ብሎ ቢወስን፣ በየአምስት ዓመቱ አንድ ይገዛል፤ አራቱንም በአንድ በጀት ዓመት ቢገዛ ግን አራቱም አብረው ያረጃሉ። አንድ መኪና ብቻ ባላት ከተማ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ያ አንዱ ሲቆም የሚቀር አገልግሎት የለም። ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ውኃ የጫነ ከባድ መኪና ይህን መንገድ እስኪጨርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ያልፋል፣ የገበያ ሱቆች ደግሞ ይህን ያህል አይጠብቁም። ስለዚህ ለትንንሾቹ ከተሞች አሮጌውን ሳይጥሉ በመጠባበቂያነት መያዝ፣ ወይም አጎራባች ከተሞች አንድ መጠባበቂያ በጋራ እንዲይዙ መስማማት የዕቅዱ ዋና ክፍል ሊሆን ይገባል።

የእሳት አደጋ መኪና በትእዛዝ የሚገጣጠም በመሆኑ፣ ከጨረታው፣ ከውጭ ምንዛሪው ጥበቃና ከጅቡቲ ወደብ ጉዞው ጋር ተደምሮ ከአንድ ዓመት በላይ መውሰዱ አያስገርምም። ስለዚህ መኪናው ሊተካ በታሰበበት ዓመት ሳይሆን፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሐምሌ 1 በሚጀምረው የካፒታል በጀት ውስጥ ስሙ መግባት አለበት።