«ጠበል ከገቡ መድኃኒት ይቅር» እና ሌሎች በእምነት ስም የሚባሉ ስሕተቶች

የአዲስ አበባ ዳር ዳሩ በኮንዶሚኒየም ሌላ ከተማ ሆኗል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ አራብሳ። ሰው ከመሀል ከተማውም ከክፍለ ሀገሩም መጥቶ ገባ። ውኃና መብራቱ በቅጡ ሳይገባ መቃኞው፣ ጊዜያዊው ቤተ ክርስቲያን፣ ቆመ። ራቅ ብሎ የወንጌላውያኑ አዳራሽም ቆመ። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን አብሮ የገባ ብዙ «ተባለ» አለ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ይወራል፣ ቡና ላይ ይወራል፣ በብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ይላካል። አንዳንዱ ሰው ያጽናናል። አንዳንዱ ሰው ይጎዳል፤ የእምነት ስም ስለያዘ ደግሞ ደፍሮ «ተሳስታችኋል» የሚል የለም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የምጽፈውም እምነቴን ስለምወድ ነው።

«ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት አይወስድም»

ይሄኛው ሰው ገድሏል። ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

አባባሉ እንዲህ ነው፦ ኪኒን ከዋጥክ እምነትህ ጎድሏል፣ ጠበሉም አይሠራልህም። በኤችአይቪ መድኃኒት ላይ በተለይ ብዙ ተብሏል። መድኃኒቱ አገራችን ውስጥ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ እንጦጦ ላይ ቤት ተከራይተው ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን ነበሩ። ከመካከላቸው ኪኒኑን ጀምረው ያቋረጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ነገሩን በአደባባይ ቁርጥ አደረጉት። ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አብረው ይወሰዱ አሉ። ይህን ያሉት ሐኪም ወይም የመንግሥት ሹም አይደሉም። የቤተ ክርስቲያኗ አባት ናቸው። ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፣ ዛሬም ሰፈር ውስጥ ተቃራኒው ይወራል።

መጽሐፉም ከእሳቸው ጋር ነው። ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ሲራክ ነው። ምዕራፍ 38ን ከፍታችሁ አንብቡ። ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣም እሱ ነው ይላል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ሲጸልይ «ጸሎትህን ሰምቻለሁ» ተባለ። ከዚያ ነቢዩ ኢሳይያስ ምን አዘዘ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጥታችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። ጸሎቱ ተሰምቶም መድኃኒቱ አልቀረም።

ማቋረጥ ምን ያመጣል? የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቆራረጥ ቫይረሱ ይላመደዋል። ከዚያ ያው ኪኒን አይሠራም። የቲቢ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይወሰዳል። ችግሩ ሰውየው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳሉ ይቀንስለታል፣ ምግብ ይበላለታል። «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። በሽታው ግን ውስጥ አለ፤ ሲመለስ ብሶ ይመለሳል። ጠበል ቦታ ሰው ተጨናንቆ ያድራል፤ ባለ አንድ ክፍሉ ስቱዲዮ ቤት ውስጥም አምስት ሰው ይኖራል። ያ ሰው አጠገቡ ላለው ሁሉ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ሱባዔ የሚገባ ሰው ከመሄዱ በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ ይበል። የሚቆይበትን ቀን ይንገራቸው፣ የሚበቃውን ኪኒን ይያዝ፣ በባዶ ሆድ መወሰድ ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። ኪኒናቸውን በጠበሉ የሚውጡ አሉ። ከዚህ በላይ ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር አላውቅም።

«አረፋ ደፍቆ የወደቀ ሁሉ ርኩስ መንፈስ ያለበት ነው»

ታክሲ ተራ ላይ ሰው ሲወድቅ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰልፉ ይበተናል። አንዱ «እንዳትነኩት፣ ይጋባል» ይላል። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይይዛል። አንዷ እናት ደግሞ «በስመ አብ» ብለው ያማትባሉ።

ማማተቡ ጥሩ ነው። ክብሪቱ ግን ምንም አይረዳም፣ ያቃጥለዋል እንጂ። የሚጥል በሽታ የአንጎል በሽታ ነው። በአረፋም በምራቅም አይጋባም። ሰውየውን ወደ ጎን አስተኙት። ድንጋዩን ከራሱ አጠገብ አንሱ፣ ኮሌታውን አላሉ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ብዙዎቹ በመድኃኒት ብቻ መውደቁን ያቆማሉ፣ ይማራሉ፣ ይሠራሉ፣ ያገባሉ።

«ወንጌል ላይ አጋንንት አይደል እንዴ የሚጥለው?» የሚል አለ። ማቴዎስ 17 ላይ ሁለቱ አብረው ያሉበት ልጅ አለ፣ እውነት ነው። ግን እዚያው ማቴዎስ ምዕራፍ 4 ቁጥር 24ን እዩ። ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ «በጨረቃ የሚነሣባቸውን» (የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ማለት ነው) ለብቻ፣ ሽባዎችን ለብቻ ይቆጥራል። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ምን ቤት ነን አንድ ላይ የምንጨፈልቀው?

የአእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው። ልጅ እንቅልፍ አጥቶ፣ ድምፅ እየሰማ፣ ብቻውን ሲያወራ ሰንሰለት የሚፈልግ ቤተሰብ አለ። ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ ጨንቆት ነው። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል ሩቅ ይመስላል፤ ግን ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎችም ቢያንስ ጉዳዩን አይቶ የሚልክ ባለሙያ አለ። ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል። ሰንሰለት ግን የክርስትና ሥርዓት አይደለም።

«ጾም ጾም ነው፤ ታማሚም ነፍሰ ጡርም ይጹም»

የቤተ ክርስቲያናችን የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛውን ከጤነኛው ይለየዋል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃንም ግዴታ የለበትም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለንስሐ አባቷ ትናገር፣ ይፈቱላታል። የኢንሱሊን መርፌ የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ መቆየቱ ጽድቅ አይደለም፤ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል።

የጾም ኬክና የጾም በርገር የሚያናድዳቸው ሰዎች አሉ። እኔ ያን ያህል አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ኢሳይያስ 58 ነው። እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ስደተኛውን ድሀ ወደ ቤት ማስገባት ነው ይላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ የተረፈው ገንዘብ የት ገባ? ጥያቄው እሱ ነው።

«ድምፅ ማጉያው ከፍ ሲል በረከቱም ይበዛል»

ቅዱስ ያሬድ ዜማውን የሠራው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ያለ ሞንታርቦ። ከበሮና ጸናጽል ይበቃሉ። ቅጥሩ ውስጥ ላለው ምእመን የሚሰማ ድምፅ በቂ ነው። ማታ ሠርቶ የገባው ጥበቃ ይተኛ፣ አራስ ቤትም ጸጥ ይበል። ይሄ ለእኛም ለአዳራሹም ነው።

«ቤተ ክርስቲያን ነፍስ ላይ ትሥራ፤ ድህነት የመንግሥትና የኤንጂኦ ጣጣ ነው»

ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ሰባት ዲያቆናት የተሾሙት ለምን ነበር? ለመበለቶች በሚሰጠው የዕለት ምግብ ላይ ቅሬታ ስለተነሣ ነው። እስጢፋኖስ ሰማዕት ከመሆኑ በፊት የተሾመው ማዕድ እንዲያገለግል ነው። የእኛ ሰንበቴም ከቅዳሴ በኋላ ዳቦውን ሲቆርስ ደጀ ሰላም ያለውን ነዳይ አይዘልም።

የወንጌላዊቷ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይህን በጽሑፍ ተናግረውታል። በ1964 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ለውጭ አጋሮቿ ደብዳቤ ጻፈች። እናንተ ለልማት ብቻ ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ የሰው ልጅ ግን ሥጋና ነፍስ ተብሎ አይከፈልም የሚል ነው ጭብጡ። ቄስ ጉዲና በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። የእኔ ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበሩም። ያሉት ግን ልክ ነው።

ወደ ብሎካችን ልምጣ። ኮሚናሉ (የጋራ መገልገያ ቤቱ) ውስጥ ዕድር አለን፣ ድንኳንና ወንበርም ገዝተናል። የተመዘገበው ግን የቤት ባለቤት ብቻ ነው። ተከራይ ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ባለፈው አንዲት የተከራይ እናት ሲያርፉ ሴቶች ከየቤቱ መቶ መቶ ብር ለቅመው ነው የተሸኙት። ሁላችንም ክርስቲያን ነን እንላለን፣ ተከራዩን የሚያስመዘግብ አንድ መስመር ደንብ ላይ መጨመር ግን አቅቶናል።

«ቃለ እግዚአብሔር በግእዝና በአማርኛ ሲሆን ነው የሚያምረው»

ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት መሬት ላይ ጤፍና ስንዴ የሚያርሱ ኦሮሞ ገበሬዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ዛሬ እዚያው መሬት ላይ ጥበቃ ናቸው። ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፣ ስብከቱ ግን ያመልጣቸዋል። በኦሮምኛ ይሰበክ ሲባል «አዲስ ነገር አታምጡ» የሚል ይነሣል።

አዲስ አይደለም። ከባርነት ነጻ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። አማርኛውም በጊዜው አዲስ ነበር፤ አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጦ ዓመታት ፈጅቶ ተረጎመው። በጰራቅሊጦስ ዕለትም ሰው ሁሉ የሰማው በገዛ ቋንቋው ነው። በኦሮምኛ የሚሰብክ አገልጋይ ለማግኘት ሰበካ ጉባኤው ለሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ይጻፍ። እስኪመጣ ድረስ እዚያው ሰፈር የተወለዱ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚችሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ የዕለቱን ወንጌል ያንብቡላቸው።