ክሬዲት ምንድን ነው? የጽሑፍ ኮርስን በኦንላይን ለተማረስ ይሰጠዋል?

ክሬዲት አንድ ተማሪ በአንድ ኮርስ የደከመበት ጊዜና ያስመሰከረው ችሎታ የሚመዘገብበት መለኪያ ነው። ከአውሮፓ መጥቶ በዩኒቨርሲቲዎቻችን በሚሠራበት ኢሲቲኤስ በተባለው ስሌት አንዱ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራን ይወክላል፤ ክፍል ውስጥ የተቀመጡበት ብቻ ሳይሆን የተነበበበትና የተጻፈበት ሰዓትም ይቆጠራል። ሰዓቱን ማንም ሊያሟላው ይችላል፤ ክሬዲቱን ክሬዲት የሚያደርገው ግን ሥራውን አይቶ የሚመሰክር ሰው መኖሩ ነው።

ሙክ የሚባሉት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ የሚከታተሏቸው የኦንላይን ኮርሶች፣ የሚፈተኑት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ኮርሴራ በተባለው የሙክ ድረ ገጽ ከሚሰጡት መካከል አምስቱን ለክሬዲት ይመጥናሉ ሲል አምስቱም የሂሳብና የሳይንስ ነበሩ፤ የእነዚህን መልስ ኮምፒውተር ያርመዋል። በዚያው ዓመት ዱክ ዩኒቨርሲቲ ከፍቶት ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች በተመዘገቡበት የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርስ ግን ተማሪዎች እርስ በርስ ከመተራረም በቀር መንገድ አልነበራቸውም።

ባሕር ዳር ላይ ጽሑፍ ሳስተምር አንዲት ተማሪ «እምቦጭ ጣናን ጎዳ» የሚል ረቂቅ አመጣችልኝ። ኅዳጉ ላይ «ማንን? እንዴት?» ብዬ መለስኩላት። በሦስተኛው ረቂቅ ጀልባው በአረሙ ተይዞበት መረቡን መጣል ያቃተው አሳ አጥማጅ ብቅ አለ። የጽሑፍ ትምህርት ማለት ይህ መመላለስ ነው፤ ጀማሪ ለጀማሪ ሲያርም ፊደልና ሰዋስው ሊያቀና ይችላል፣ የጎደለውን ሐሳብ ለይቶ መጠየቅ ግን ራሱም ገና የሚማረው ነገር ነው።

ስለዚህ ኮርሱን ለጨረሰ ሁሉ በምስክር ወረቀቱ ብቻ ክሬዲት መስጠትን አልደግፍም፤ በተለይ ዛሬ ማሽን ድርሰት በሚጽፍበት ጊዜ ጽሑፉ የማን እንደሆነ በሩቅ ማረጋገጥ ከባድ ነው። በሩን መዝጋት ግን ግፍ ይሆናል። ለክፍያና ለመኖሪያ አቅም አጥታ በስልኳ ጽሑፍ የተማረች ልጅ ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ መጥታ ረቂቆቿን ከነእርማታቸው ብታቀርብ፣ በመምህር ፊት ተቀምጣ ሁለት ሰዓት ብትጽፍ፣ ቀጥሎም ለምን እንዲህ እንደጻፈች ብትጠየቅና ብታስረዳ፣ ክሬዲቱ ያለ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ሊመዘገብላት ይገባል።