«እኛ አገር እኮ አጫሽ የለም» እና ሌሎች ስለ ሲጋራ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ባለፈው ሰሞን መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ልጅ ሱቅ በደረቴውን አንጠልጥሎ ከፊቴ ቆመ። ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ከረሜላ፣ ከዳር ደግሞ የተከፈተ የሲጋራ ፓኮ። ተማሪ የሚመስል ወጣት መጣ፣ ብር ሰጠ፣ አንድ ፍሬ ተቀበለ፣ በልጁ ላይተር ለኮሰና ሄደ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ትንሽ ስበሳጭ ያዩኝ አጠገቤ የቆሙ አባት «ተይው ልጄ፣ እኛ አገር እኮ አጫሽ የለም» አሉኝ።

ይህን አባባል ቤት ውስጥም ቢሮም ሰምቼዋለሁ። ብቻውን አይመጣም፣ ወንድምና እህት አለው። እስቲ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«እኛ አገር አጫሽ ጥቂት ነው፣ ችግሩ የሌሎች ነው»

ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጎልማሶች የትምባሆ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ኢትዮጵያውያን ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ናቸው። ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ከብዙ አገሮች ጋር ሲተያይ ዝቅተኛ ነው፣ ደስ የሚልም ነው። ግን 5 በመቶ በእኛ ብዛት ሲሰላ ከ3 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው።

ሌላው የጊዜ ነገር ነው። ሲጋራ ዛሬ ተጭሶ ነገ አይጥልም። የሳንባ ካንሰር ለመታየት 20፣ 30 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው የሚከፍለው የዛሬ 30 ዓመቱን ጭስ ነው፤ ያ መገናኛ ላይ ያየሁት ወጣት ሂሳቡ የሚመጣው ልጆች ወልዶ ሊያስተምር ሲል ነው። ጃፓን ቶባኮ በዚያው በ2016 ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፣ በኋላም ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገው። ያን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ ኩባንያ «እዚያ አገር አጫሽ የለም» ብሎ የሚያስብ አይመስለኝም።

«አማካዩ 5 ከሆነ ሁሉም ቦታ ያው ነው»

አይደለም! እኔ በጣም የሚያሳስበኝም ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም አማካይ የሚባለው ቁጥር የአንዱን አካባቢ ችግር በሌላው አካባቢ ደህንነት ይሸፍነዋል።

በትግራይና በአማራ የአጫሹ ቁጥር ዝቅተኛ ነው። በሶማሌ፣ በአፋር፣ በሐረሪ፣ በድሬዳዋና በጋምቤላ ደግሞ ከአገሪቱ አማካይ ከፍ ይላል፣ በተለይ ወንዶቹ ዘንድ። አንድ አገር፣ አንድ ሕግ፣ ግን የተለያየ ኑሮ።

ለምን? ሰሜኑ ላይ ትምባሆ ለረጅም ጊዜ ነውር ነበር። ቤተ ክርስቲያን አትወደውም። አጤ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በአዋጅ መከልከላቸው ይታወቃል፤ የሚያጨስ ከንፈሩን፣ ሱረት የሚባለውን የትምባሆ ዱቄት የሚስብ ደግሞ አፍንጫውን ይቆረጥ ነበር እየተባለም ይተረካል። ቅጣቱ አሰቃቂ ነው፣ ማንም እንዲመለስ አይመኝም። ነውርነቱ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። ጎንደር ያደገችው አያቴ እንግዳ ቤቷ ውስጥ ሲጋራ ሲያወጣ ካየች ምንም አትናገርም ነበር፤ ዝም ብላ ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። እንግዳው ይገባዋል። ልጆቿም ገብቷቸው ነው ያደጉት፣ ከሰባቱ አንድም አጫሽ አልወጣም።

ምሥራቁ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ጫት አለ፣ ሰብሰብ ተብሎ የሚቃምበት በርጫ አለ። ከጅቡቲና ከሶማሌላንድ በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባ ርካሽ ሲጋራ አለ። አንድ ነገር ርካሽ ከሆነ፣ በየመቀመጫው ካለና ማንም ካላፈረበት ሰው ይለምደዋል፣ በቃ።

የሚጨሰውም ዓይነት ይለያያል። በሲዳማ በኩል ጋያ (ጭሱ በውሃ ውስጥ የሚያልፍ ባህላዊ የትምባሆ ማጨሻ) የሚያጨሱ እናቶችን አግኝቻለሁ፣ ጉራጌም ጋ የታወቀ ነው። ሱረት የሚስብም፣ ትምባሆ የሚያኝክም አለ። እነዚህን ሰዎች «ሲጋራ ታጨሳላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው «ኧረ በፍጹም» ይሏችኋል፣ አልዋሹምም። ጥያቄው ነው የተሳሳተው።

«የዚያ አካባቢ ሰው ተፈጥሮው ነው፣ ሱስ ይወዳል»

እንዲህ ሲባል ስሰማ ያመኛል። የተፈጥሮ ጉዳይ አለመሆኑን ለማየት አሜሪካንን ተመልከቱ። ኬንታኪና ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ከአምስት ጎልማሳ አንዱ ገደማ ያጨሳል። ዩታ ውስጥ ከአስር አንድ አይሞላም። ፓስፖርታቸው አንድ፣ ቋንቋቸው አንድ። ልዩነቱ ያለው አኗኗራቸው ላይ ነው፤ ኬንታኪ ትምባሆ እያመረተች የኖረች ግዛት ናት፣ ትምባሆ የገበሬው እንጀራ ነበር። ዩታ ውስጥ ደግሞ ብዙው ሰው ሞርሞን ነው፣ ሃይማኖቱ ትምባሆ ይከለክላል። ውጤቱ መቃብር ድረስ ይደርሳል። በሳንባ ካንሰር ኬንታኪ ከአሜሪካ ግዛቶች ከፊት፣ ዩታ ከመጨረሻ ናቸው።

ደግሞም ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1965 ከአሜሪካ ጎልማሶች 42 በመቶው ያጨስ ነበር። በ2021 11.5 በመቶ ደረሰ። በግማሽ ምዕተ ዓመት የሰው ተፈጥሮ አልተለወጠም፤ የተለወጡት ዋጋው፣ ሕጉና የሰው አስተያየት ናቸው። ስለዚህ ስለ ጂግጂጋ ወይም ስለ አሳይታ ሰው «ተፈጥሮው ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

«እኔ አጫሽ አይደለሁም፣ ስቅም ብቻ ነው»

ድሬዳዋ ያለው አጎቴ ለሃያ ዓመት እንዲህ ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ጠዋት አያጨስም፣ ሥራ ላይ አያጨስም። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ግን ምርቃናው ሲመጣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ክፍሉ ተዘግቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ስድስት ሰው ተቀምጧል፣ መሐል ላይ መተርኮሻው ሞልቷል። እዚያ ክፍል ውስጥ የማያጨሰውም እያጨሰ ነው።

«ትንሽ ነው» የሚለው ደግሞ ልብ ዘንድ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው የልብ ሕመም ላይ የሚጨመርበት አደጋ በቀን 20 ከሚያጨሰው ግማሽ ያህል ነው። አንድ ሃያኛው ይሆናል ብላችሁ ብትጠብቁ አይፈረድባችሁም፣ ግን ግማሽ ነው። የደም ሥር በትንሽ ጭስም ይቆጣል።

«ሺሻ ውሃው ያጣራዋል»

ውሃው ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም። ስለሚቀዘቅዝም ሰው በረጅሙ ይስባል፣ ጥልቅ ይገባል። አንድ ሰዓት ሺሻ ላይ የሚቆይ ሰው በአንድ ሲጋራ ከሚስበው ከ100 እስከ 200 እጥፍ የሚሆን ጭስ ሊስብ ይችላል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨመርበት ደግሞ ራስ ምታቱ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። አፍ ለአፍ መቀባበሉ የቲቢ መንገድ መሆኑንም አትርሱ። ጋያም ውሃ አለው፣ ያው ነው።

«ሱረት የባህል ነው፣ ጭስ የለው»

ጭስ ስለሌለው ሳንባን ሊተወው ይችላል። ትምባሆ ግን ትምባሆ ነው፣ ኒኮቲኑ ያው ያስራል። ጭስ የሌለው ትምባሆ የአፍ፣ የምግብ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል።

«ጉዳቱ የሳንባ ካንሰር ነው፣ እሱ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው»

መጀመሪያ ነገር ሳንባ ላይ አያበቃም። ልብ አለ፣ ስትሮክ አለ። ለእኛ አገር ደግሞ ቲቢ አለ፤ አጫሽ ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ነው።

እኩል የሚለው ደግሞ ከቶ እውነት አይደለም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሳል ሲበዛበት ጤና ጣቢያ ለመሄድ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ከብቶቹን ይዞ ከቦታ ቦታ የሚሄድ አርብቶ አደር ግን ሳሉን ለወራት ተሸክሞት ይዞራል፣ ሲመረመር ሰዓቱ አልፏል። ካንሰር ከሆነማ... ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከጎዴ የሚመጣ ታማሚ መንገዱ፣ ማደሪያው፣ አስታማሚው፣ ወረፋው አለበት። ያው አንድ ዓይነት ሲጋራ፣ ሐኪም ሩቅ የሆነበትን ሰው የበለጠ ይጎዳል። አጫሹ የበዛባቸው አንዳንዶቹ አካባቢዎች ደግሞ ሕክምናው የሚርቅባቸው መሆናቸው ነገሩን ያከፋዋል።

«ሕግ ወጥቷል እኮ፣ አለቀ»

ጥሩ ሕግ ወጥቷል፣ ይህን መካድ አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በተዘጉ የሕዝብ ቦታዎችና የሥራ ቦታዎች ማጨስን ሙሉ በሙሉ ከልክሏል። ማስታወቂያው ተከልክሏል፣ ሺሻ መሸጥ ተከልክሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ተከልክሏል። ፓኮው ላይ 70 በመቶውን የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕል ይለጠፋል። ከሕጉ በፊት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጠና፣ መጠጥ ቤትና የምሽት ክበብ ከገቡት ሰዎች 60 በመቶው የሰው ጭስ ሲስቡ ነበር፣ ቢሮ ውስጥ ከሚሠሩት ደግሞ 29 በመቶው። የሚያስፈልግ ሕግ ነበር።

ግን ያን መገናኛ ላይ ያየሁትን ወጣት አስቡት። በፍሬ ነው የገዛው። ፓኮው ልጁ ደረት ላይ ነው፣ ሥዕሉ ወደ ልጁ ሆድ ዞሯል። ማስጠንቀቂያውን በየቀኑ የሚያየው ሻጩ ሕፃን ነው።

«አሁን ካቆምኩ ምን ዋጋ አለው»

በእንግሊዝ ሐኪሞች ላይ ለ50 ዓመት የተደረገው ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ሳያቋርጥ የሚያጨስ ሰው በአማካይ 10 ዓመት ዕድሜ ያጣል። በ30 ዓመቱ ያቆመ 10ሩንም ያተርፋል ማለት ይቻላል። በ40 ያቆመ 9፣ በ50 ያቆመ 6፣ በ60 ያቆመ እንኳ 3 ዓመት። ካቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ የልብ ሕመም አደጋው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

አጎቴ ያቆመው በ52 ዓመቱ ነው። ከባዱ ጠዋት አልነበረም አለኝ፣ ከባዱ የምርቃና ሰዓት ነው። ስለዚህ አራት ወር ሙሉ በርጫ ቀረ። ጓደኞቹ ተቀየሙት፣ ሁለቱ ቤት ድረስ መጥተው ወቀሱት። ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፣ እሱ ካለ ማጨስ የፈለገ በረንዳ ላይ ይውጣ። መጀመሪያ ሳቁበት። የድሬ ፀሐይ ላይ እየወጡ መመላለሱ ሲሰለቻቸው አንደኛው ተወው። አሁን ስሄድ መስኮቱ ክፍት ነው፣ መተርኮሻው የገራባ መሰብሰቢያ ሆኗል።