ድሬዳዋና የጅቡቲ መስመር

የኢትዮጵያና የጅቡቲ ግንኙነት ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ ሲል ቀድሞ የሚሰማው ድሬዳዋ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ከጅቡቲ ጋር አዲስ ድርድር ይከፈታል፤ ወሬው ገበያችን ውስጥ ቶሎ ይገባል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ጅቡቲ ያኔ የፈረንሳይ ይዞታ ነበረች። ሥራው በ1890 ከዚያ ተጀመረ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ ተራራውን መውጣት ወጪ ስለሚያበዛ ሐዲዱ በቆላው በኩል አለፈ። ታኅሣሥ 1895 ባቡሩ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ደረሰ፤ ከተማችንም ተቆረቆረች። ንጉሠ ነገሥቱ «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም።

ጠቡ የመጣው ወዲያው ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ምኒልክን ሳያስፈቅድ በ1894 ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ በገንዘቡ በኩል እጁን አስገብቶ ነበር። ምኒልክ ባቡሩን ለንግድ እንጂ አገር ለመያዣ አልፈቀዱም። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። ምኒልክ ናቸው ያገዱት የሚሉ አሉ፤ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሳይኖርበት አልቀረም። ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እስከዚያ የመሐል አገር ዕቃ እኛ ጋ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ የምድር ባቡር ወርክሾፕ፣ በለገሃር፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ የሚሰማው ፈረንሳይኛ የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው። ድሬን ድሬ ያደረጋት ያ ዘመን ነው።

የጣሊያን ወረራ መስመሩን ለአምስት ዓመት ወሰደው። በ1952 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገ ውል ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ አገኘች።

ደርግ ሥልጣን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰኔ 20 ቀን 1969፣ ጅቡቲ ነጻ ወጣች። አዲሱ መንግሥት ከአዲሲቷ አገር ጋር ወግ ሳይጀምር የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ድልድዮች ፈረሱ፣ ባቡሩ ቆመ። ነሐሴ ላይ ጠላት ከተማዋ ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ። መስመሩ በ1970 ተከፈተ፤ በኋላም ሁለቱ መንግሥታት በእኩል የሚይዙት ድርጅት ሆነ።

ኢሕአዴግ በ1983 ሲገባ የአሰብ ወደብም ነበረ። የ1990ው የኤርትራ ጦርነት ያንን በር ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ በጅቡቲ ያልፋል። ድርድሩ የወደብ ኪራይ ብቻ እንዳይሆን መንግሥት የሚሰጠውን አበዛ። በ2004 ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር ሥራ ጀመረ። መስከረም 2009 ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራ ለገሃር ያ ሁሉ ግርግር የለበትም። ለድሬ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም።

በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥልጣን እንደያዙ መጀመሪያ የሄዱት ጅቡቲ ነው። በዚያው ዓመት ከኤርትራ ጋር እርቅ ወረደ። ታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ጅቡቲ ደስ አላላትም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ግን የታጁራን ወደብ አስተዳደር ለኢትዮጵያ ለመስጠት ሐሳብ አቀረበች።