ሰይድ እና ሰኢድ፦ ስለ ጤና መድን መዝገብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ጠዋት ጤና ጣቢያ በር ላይ ከቆማችሁ፣ የጤና መድን ደብተር ያልያዘ እጅ ብዙ አታዩም። ወረፋው ላይ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ።

«የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ማን ይጎዳል?»

መንግሥት ይደጉማል፤ መክፈል ለማይችሉትም ይከፍላል። ግን እኛም በየዓመቱ የምናዋጣው አለ፤ ልክ እንደ ዕድር። ጤና ጣቢያው የሰጠውን አገልግሎት ዘርዝሮ ሂሳብ ይጠይቃል፣ መድኑ ይከፍላል። በስህተት የወጣው ብር የሌላ ሰው መታከሚያ ነበር። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

«ስም በአንድ ፊደል ቢለይ ምን አለበት?»

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ወሎ ውስጥ ሰይድ፣ መሐመድ፣ አሕመድ ወይ ይማም የሌለበት ሰፈር የት አለ? አንዱ መዝጋቢ «ሰይድ መሐመድ» ይላል፣ ሌላው «ሰኢድ ሙሐመድ»። አንድ ሰው ሁለት ካርድ ይወጣለታል። አንዱ ሕክምና ሁለቴ ሊጠየቅበት ይችላል።

ሁለት ሰው አንድ ካርድ ላይ ሲቀላቀል ደግሞ ከገንዘብም ይብሳል። «ፔኒሲሊን አይስማማውም» የሚለው ማስታወሻ የሌላ ሰው ካርድ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና የደብተር ቁጥር አብረው ይጻፉ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ደጋግማ ብትጠይቃችሁ አትቆጧት። እኔ እናቴን ሳሳክም ስሟን ደብተሩ ላይ እንዳለው በወረቀት ጽፌ ነው የምሰጠው።

«ደብተሬን ለጎረቤት ባውስ ጽድቅ ነው»

ቡና አብሮ ለሚጠጣ ጎረቤት አለመራራት ከባድ ነው፤ ይገባኛል። ግን የእሷ ስኳር በሽታ በእናንተ ስም ይጻፋል። ነገ ሐኪሙ ያንን አንብቦ ነው የሚያክማችሁ። አቅም ከሌላት ቀበሌ ይዛችኋት ሂዱ፤ በነፃ የሚታቀፉበት መንገድ አለ።

«የሞተ ሰው ስም ደብተሩ ላይ ቢቆይ አይጎዳም»

ይጎዳል። በስሙ ሌላ ሰው ሊታከምበት ይችላል። ሞት ሲኖር፣ ልጅ አግብቶ ሲወጣ፣ ሲወለድም አሳውቁ።

«ስህተቱ ሁሌ የታካሚ ነው»

አይደለም። መድኃኒት ታዞ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ከተባላችሁ፣ ያልተሰጣችሁ ከሂሳቡ መውጣቱን ጠይቁ። ሠላሳ ፍሬ ታዞ ሃያ ከተቆጠረላችሁም፣ ወረቀቱ ላይ ሃያ መባሉን አይታችሁ ሂዱ።